ለእትዬ ፎይል፤ ስለተሸፈኑት ጠርሙሶችና ስለ አንድ ደብዳቤ

እሺ፣ ድምፄ ከኋላ ይሰማል? በሩ ጋ ያላችሁትስ? ጥሩ። ኃላፊያችን ለእትዬ የጡረታ ሽኝት ንግግር «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብለውኛል። እኔ አምስት ደቂቃ የሚበቃኝ ሰው ብሆን ኖሮ ዛሬ የት በደረስኩ ነበር። ስለዚህ ተመቻችታችሁ ተቀመጡ፤ ኬኩ የትም አይሄድም።

እትዬ እዚህ ላቦራቶሪ የመጡ ቀን እኔ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለት ሳምንቴ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያየኝ ሁሉ ሲያዘኝ ከርሞ፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዳለ ስሰማ የቤቱ ጌታ የሆንኩ መሰለኝ። በሩ ተከፈተ። ነጭ ጋወን የለበሱ፣ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር የወሸቁ ሴት ገቡ። ሰላም እንኳን አላሉም። ቀጥ ብለው የናሙናውን ፍሪጅ ከፈቱና አንድ ዕቃ አወጡ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ናሙና ነው» አልኩ። ምሳዬ ነበር።

«ናሙና ከሆነ ለምን ማንኪያ አለው?»

«ማለቴ... ምሳ ነው።»

«ምሳ ከሆነ እዚህ ምን ይሠራል?»

ከላይ የተላኩ ተቆጣጣሪ መሰሉኝና «የኔ አይደለም፣ የጓደኛዬ ነው» ብዬ ሽምጥጥ አድርጌ ካድኩ። ኋላ ሲነገረኝ ለካ አዲሷ ቴክኒሺያን ናቸው። ያን ቀን ምሳዬን ኮሪደር ላይ ቆሜ በላሁ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው፤ እስከ ዛሬ ያንን ፍሪጅ ስከፍት ወደ ኋላዬ አያለሁ።

ቤተሰቦቻቸው እዚህ ስላላችሁ አንድ ምስጢር ላውጣ። እኛ እሳቸውን በሌሉበት «እትዬ ፎይል» ነው የምንላቸው። አይ፣ እትዬ፣ አይቆጡ፤ ከዛሬ በኋላ ማንን ይቀጡበታል? ፎይል ያው ኩሽና ውስጥ ምግብ የምንሸፍንበት የሚያብረቀርቀው ነገር ነው። ሴሎቻችን የሚመገቡት ሮዝ ፈሳሽ አለ፤ በጠርሙስ ይመጣል። ጠርሙሱ ከካርቶን ወጥቶ ጠረጴዛ ሳይነካ እትዬ ከአንገቱ እስከ ታቹ በፎይል ይጠቀልሉታል። ከዚያ ወዲያ ውስጡ ምን ያህል እንደቀረ የሚያውቅ የለም። እያነሳን በእጃችን እንመዝናለን፤ እንወዘውዛለን፤ እንጨቃጨቃለን።

አንድ ቀን መረረኝና ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ ይኼ ነገር ለምንድን ነው?»

«ብርሃን ምግብ ያበላሻል።»

«ማስረጃ አለ?»

«ዘይት ፀሐይ ላይ ከርሞ አይተህ አታውቅም? እናትህ ምን አስተማሩህ?»

ማስረጃ ጠይቄ እናቴ ተነሳች። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም፤ ባለመጠየቄ ያጣሁትን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ደግሞ ሲቆጥሩ። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ሴል ሲቆጥሩ «ደህና አደሩ» የሚላቸው ሰው ወዮለት። ቀና አይሉም፤ ግራ እጃቸው ብቻ ብድግ ትላለች፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ። አንድ ጊዜ የእሳት ማስጠንቀቂያው ጮኾ ሁላችንም ግቢ ወጣን። ስንቆጠር እትዬ የሉም። ዘበኛው ሮጦ ገብቶ ሲጠራቸው ምን አሉ? «ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ላይ ነኝ፤ እሳቱ ይጠብቅ።» ደግነቱ እሳት አልነበረም፤ አንድ ሰው ዳቦ አሳርሮ ነው። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ዛሬ ከኃላፊያችን ጋር መጣላት አልፈልግም።

ሴሎቹን «ልጆቹ» ነው የሚሏቸው። «ልጆቹ በልተዋል?» «ልጆቹ ዛሬ ከፍቷቸዋል።» በልጃቸው ሠርግ ቀን የሙሽራዋ እናት ድንገት ለአርባ ደቂቃ ጠፉ። ባለቤታቸው፣ እኒህ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሾፌራችን፣ አዳራሹን ዞረው ዞረው አጧቸው። ሲመለሱ «የት ነበርሽ?» ቢሏቸው «ልጆቹን አብልቼ መጣሁ» አሉ። አጠገብ የቆሙ ዘመድ ሰምተው «ምን ያለች ደግ ናት፣ በልጇ ሠርግ እንኳን የሰው ልጅ አትረሳም» ብለው መረቋቸው። የሠርጉን ፎቶ አይታችሁ እንደሆነ እጅጌያቸው ላይ ጠርሙስ ላይ የምንለጥፈው፣ ቀን የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፎ ይታያል።

ሳቁ፣ ሳቁ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

አሁን ለሾፌራችን ስል ትንሽ ስለ ሥራችን ልናገር። እኚህ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስታቸውን በር ድረስ አድርሰው ሲመልሱ፣ ከበሩ ወዲያ ምን እንደሚሠራ አንዳችንም በቅጡ አልነገርናቸውም።

ደማችን ውስጥ ገዳይ ቲ ሴሎች የሚባሉ አሉ። ስማቸው ያስፈራል እንጂ የገዛ ዘበኞቻችን ናቸው፤ በየሴሉ ደጃፍ እየዞሩ ይፈትሻሉ። ሴሉ ደግሞ ውስጡ ካለው ነገር ቁራጭ ቁራጭ እያወጣ ላዩ ላይ ባለ መያዣ አድርጎ ያሳያቸዋል። ደህና ከሆነ ያልፉታል፣ ከታመመ ይገድሉታል። ችግሩ ምንድን ነው፣ ይህ የተለመደው መያዣ ከሰው ሰው ይለያያል። የእኔ ዘበኞች የለመዱት የእኔን ነው፤ ወደ እርስዎ ሰውነት ቢገቡ ነገሩ ይምታታባቸዋል። ስለዚህ ለአንዱ የሠራ ለሌላው አይሆንም።

ግን ከተለመደው የወጣ ሌላ መያዣ አለ። ቁጥሩ ትንሽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጓዳ ተቀምጦ፣ የሚያሳየው ነገር ሲያገኝ ብቻ ወደ ደጅ ብቅ ይላል። የሚይዘውም የፕሮቲን ቁራጭ ሳይሆን ጥቃቅን ትራፊ ነው፤ ለምሳሌ ጀርሞች ቫይታሚን ሲሠሩ የሚጥሉትን። ዋናው ነገር ግን ይኼ መያዣ በእኔም፣ በእርስዎም፣ በዘበኛውም ላይ ያው አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ይህን አንብቦ የታመመውን የሚለይ ገዳይ ሴል ከተገኘ፣ ከአንድ ሰው የተገኘው ለብዙ ሰው ሊደርስ ይችላል። እኛ ስንፈልግ የኖርነው እሱን ነው።

የዛሬ ስድስት ዓመት እትዬ ያዘጋጁት የሙከራ ሳህን ላይ ከአንድ ሰው ደም የወጡ ገዳይ ሴሎች የሌላ ሰው የካንሰር ሴል ገደሉ። በሳምንቱ የሦስተኛ ሰው የካንሰር ሴል ገደሉ። ጤነኛውን አልነኩም። ጮቤ ረገጥን። ከዚያ እኔ ደገምኩት፤ ምንም። ባልደረባዬ ደገመው፤ ምንም። እትዬ ሲሠሩት ይሠራል፣ እኛ ስንሠራው ሙት ነው። ለካ እሳቸው ከራሳቸው ጠርሙስ ይቀዳሉ፣ እኛ ደግሞ ፎይሉ ሰልችቶን የየራሳችንን ገልጠን መስኮቱ አጠገብ አቁመናል። ያኔ ይህን ያሰበ የለም።

በእኛ ሥራ በአንድ ሰው እጅ ብቻ የሚሠራ ነገር ያስፈራል። እነዚህ ሴሎች ደግሞ ጀርም ሲያገኙ ለመግደል ይነሳሉ። ስለዚህ እኔ ሊቁ ቁጭ ብዬ አሰብኩና ደረስኩበት፤ እትዬ በእጃቸው ጀርም እያስገቡ ነው። ታዲያ ያስነሳቸው ጀርም ከሆነ ጤነኛውን ሴል ለምን ተዉት ብዬ ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም።

ከዚያ የሆነውን የቆያችሁት ታስታውሳላችሁ። ለአስተዳደር አንድ ምስጢራዊ ደብዳቤ ተጻፈ። «ውጤቱ የመጣው በቴክኒሺያኗ የእጅ ንጽህና ጉድለት ነው» ይላል። እትዬ ከሴል ክፍሉ ወጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደቡ። ማን እንደጻፈው ስላልታወቀ ሁላችሁም «የቀድሞው ምክትል ኃላፊ ነው» አላችሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲታማ ሰማሁ። እንዲያውም አንዳንዴ አብሬ አማሁት።

እሱ አይደለም። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

 ልቀጥል፤ አሁን ካቆምኩ ዳግመኛ አልጀምረውም።

እትዬ፣ ከእንግዲህ ለእርስዎ ነው የምናገረው። ከሴል ክፍሉ የወጡ ቀን ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡ አላለቀሱም፤ አልተሳደቡም። አንድ ነገር ብቻ አሉኝ። «ፎይሉን አታንሱት።» እኔ ምን አደረግኩ? ከሰዓት ሳይመሽ ከእርስዎ ጠርሙሶችም ላይ ገፍፌ ጣልኩት። «ተገላገልን፣ አሁን እንኳን ዓይናችን ይይ» ብዬ ጠርሙሶቹን ሁሉ መስኮቱ ሥር ደረደርኳቸው። ፀሐይ ሲመታቸው ያምሩ ነበር።

አምስት ወር ሠራን፣ አንድም ሴል አልሞተም። ደስ አለኝ። አፍሬ ነው የምነግርዎት፣ ግን ደስ አለኝ። «አያችሁ፣ እጃቸው ሲወጣ ጉዱም ወጣ» አልኩ። በስብሰባ ላይ ቆሜ የፊተኛው ውጤት ስህተት ነበር ብዬ ተናገርኩ፤ አጨበጨቡልኝ። ሥራው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀረው።

በዚያ መሀል ሕንፃው ቀለም ይቀባ ተባለ። ቀቢዎቹ መስኮታችንን ከውጭ በጥቁር ፕላስቲክ ሸፈኑት፤ መሰላል ላይ ሆነው እስኪጨርሱ ክፍሉ ዋሻ ሆነ። እኔም አዲስ ጠርሙሶች ከፍቼ፣ መቼም ሊዘጋ ነው ብዬ የመጨረሻውን ሳህን ሠራሁ። በማግስቱ ማይክሮስኮፑ ላይ ሳጎነብስ የካንሰር ሴሎቹ ረግፈዋል። ጤነኞቹ በቦታቸው አሉ። ደገምኩት፤ ያው። ሴሎቹ ያው፣ ፈሳሹ ያው፣ ሠራተኛው ያው፣ እርስዎ ግምጃ ቤት ነዎት። የተለወጠው ብርሃኑ ብቻ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትል ነበር እናቴ፤ ለኔ ግን የጠራልኝ ክፍሉ ሲጨልም ነው። ጋወኔን እንኳን ሳላወልቅ ወደ ታች ወረድኩ።

እርስዎ ጓንት በቁጥር በቁጥሩ እየለዩ ነበር። «እትዬ፣ ያ ፎይል...» አልኩ፤ አልጨረስኩትም። «ተቀመጥ» አሉኝና ከመሳቢያ ደብተርዎን አወጡ። ለካ እያንዳንዱን ጠርሙስ፣ የተከፈተበትን ቀን፣ የቆመበትን ቦታ፣ ማን እንደቀዳበት ሳይቀር ከሴል ክፍሉ እስከወጡ ድረስ ለዓመታት መዝግበዋል። የኔ ጠርሙሶች ሁሉ ትይዩ «መስኮት» ተብሎ ተጽፏል። «ነግሬህ ነበር» ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላሉኝም።

ለሌሎቻችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ፈሳሹ ውስጥ ፎሊክ አሲድ አለ፣ ለነፍሰ ጡር የሚታዘዘው ያው ቫይታሚን። ብርሃን ሲያገኘው ይሰባበራል። ስብርባሪው ሄዶ ያንን ለየት ያለ መያዣ ይይዘዋል። ገዳዩ ሴል ሲመጣ ወንበሩ ላይ የማይሆን እንግዳ ተቀምጦ ያገኛል፤ የሚፈልገውን ስላላየ ትቶት ይሄዳል። ነገሩ ይኸው ነው። እትዬ የፎሊክ አሲዱን ታሪክ አያውቁም ነበር፤ ጠርሙሱን ግን ከኛ ከሁላችን በላይ ያውቁታል።

ያን ቀን ደብተሩን ሳገላብጥ መጨረሻው ላይ ሌላ ገጽ መጣብኝ። እትዬ፣ ሊቀሙኝ እጅዎን ዘርግተው ነበር፤ ግን አየሁት። ከላይ «እጄ» ይላል። ከሥሩ አርባ አንድ ቀን ተደርድሯል። «ግራ፤ ምንም አልበቀለም። ቀኝ፤ ምንም አልበቀለም።» አርባ አንድ ጠዋት ሙሉ ጀርም የሚበቅልበት ሳህን ላይ ጣቶችዎን እየተጫኑ፣ ቆሻሻ መሆን አለመሆናቸውን ሲፈትሹ ኖረዋል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩዎት።

«እጅሽ ቆሻሻ ነው ተባልኩ» አሉኝ። «ምናልባት እውነት ይሆናል ብዬ ነው። ልጄ አራስ ናት። ሕፃኗን መታቀፍ ፈራሁ።»

አንቺ የእትዬ ልጅ፣ ያኔ «እማዬ ለምን ልጄን አትታቀፍም? ምን አስቀየምኳት?» ብለሽ ከነበረ ምክንያቱ እኔ ነኝ። አሁን እንዲህ ጭናቸው ላይ የተቀመጠችው ልጅ የመጀመሪያ ወራቷ አያቷ ሳይታቀፏት ያለፉት በኔ ደብዳቤ ነው።

እዚያ ግምጃ ቤት ውስጥ «እኔ ነኝ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። «ይመለሱ፣ እንፈልግዎታለን» ብቻ አልኩ። እርስዎም ለመመለስ አንድ ነገር ጠየቁ። «ሁለት ጠርሙስ ስጡኝ፤ አንዱ ፎይል ውስጥ የኖረ፣ አንዱ መስኮት ሥር የኖረ። የትኛው የቱ እንደሆነ ግን እንዳላውቅ አድርጋችሁ ቅዱልኝ። ያኔ እጇ ነው አትሉም።» ስድስት ጊዜ ሠሩት። ስድስቱንም ጊዜ ገዳይ ሴሎቹ ፎይል ውስጥ በኖረው ፈሳሽ ገደሉ፣ መስኮት ሥር በኖረው ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ሴል ክፍሉ ተመለሱ። አስተዳደሩ «ለአሠራር ቅልጥፍና» ብሎ ጻፈ። ይቅርታ የጠየቀዎት ሰው የለም፤ ያ ደብዳቤ ግን ፋይልዎ ውስጥ ተቀምጦ ቀረ።

ባለፈው ሳምንት የቀድሞው ምክትላችን ጋ ደወልኩ፤ ነገርኩት። ለካ እሱም ለምን ሰው ፊቱን እንደሚያዞርበት ግራ ሲገባው ኖሯል። «ሰው ሰላምታ የነሳኝ በዚህ ነው?» አለኝና ስልኩን ዘጋብኝ። አልፈርድበትም። ነገ ቤቱ ድረስ እሄዳለሁ።

ከዚያ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። አንድ ወረቀት ጻፍኩ፤ ቅጂው እጄ ላይ ነው። አጭር ነው፣ ላንብበው። «ከስድስት ዓመት በፊት በቴክኒሺያናችን ላይ የጻፍኩት ሐሰት ነው። ሳልመረምር ነው የጻፍኩት። ስህተቱ የተፈጠረው በእኔ አሠራር ነው፤ ውጤቱ የተገኘውም ሥራውም የዳነው በእሳቸው ጥንቃቄ ነው።» ፈርሜበታለሁ፤ ኃላፊያችንም ፈርመዋል፤ ማህተም አለው። ዛሬ ጠዋት ፋይልዎ ውስጥ ከፊተኛው ጋር ተያይዞ ገብቷል። የፊተኛውን ላስወጣው ብዬ ነበር፤ ኃላፊያችን «ይቀመጥ፣ ማን ምን እንዳደረገ ይታወቅ» አሉ። ልክ ናቸው።

እትዬ፣ ይቅርታ። ሰው ፊት ጠይቄ «ይቅር ብዬሃለሁ» እንዲሉኝ ላስገድድዎት አይደለም። ሰው ፊት የሆነው እርስዎም የተዋረዱት ሰው ፊት ስለሆነ ነው። መልሱን ዛሬ አልፈልግም። ላይሰጡኝም ይችላሉ፤ መብትዎ ነው።

አሁን ደግሞ ማመስገን አለብኝ። ደብተሩን ስለጻፉ አመሰግናለሁ። እንደ ውሻ ካባረርንዎት ቤት ተመልሰው በመምጣትዎ አመሰግናለሁ። ሲመለሱ ያለ ቂም «ልጆቹ በልተዋል?» ስላሉ አመሰግናለሁ፤ እኔ ብሆን በሩን ሰብሬ ነበር የምገባው። ሥራው ዛሬ የት እንዳለ ይወቁ። እነዚያ ገዳይ ሴሎች የአሥራ አንድ የተለያዩ ሰዎች የካንሰር ሴል አውቀዋል፤ አሥራ አንዱም የተለመደው መያዣቸው ይለያያል። ሌሎች ሦስት ላቦራቶሪዎች «አልሠራልንም» ብለው ጽፈውልን ነበር። «ጠርሙሱን ሸፍኑት» ብለን መለስንላቸው። ባለፈው ወር ሦስቱም «ሠራ» ብለው ጻፉ። ገና መድኃኒት አይደለም፤ ሳህን ላይ ነው ያለው፤ መንገዱ ረጅም ነው። ግን እኔ ይደረስበታል ብዬ አምናለሁ፤ ካሁን በፊት ብዙ ነገር ሳላምን ተሳስቻለሁና ይኼን እንኳን ልመን።

በሉ ብርጭቆአችሁን አንሱ። ሾፌራችን፣ እርስዎም ያንሱ፤ ዛሬ ሌላ ሰው ይነዳል።

እትዬ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እስከ ረፋድ ይተኙ። ባለቤትዎን ከእንግዲህ ወደ ሥራ አድርሰኝ ሳይሆን ወደ ዘመድ፣ ወደ ባሕር ዳርቻ፣ ወደፈለጉበት ውሰደኝ ይበሉ። ቅዳሜና እሑድ ስለ ልጆቹ መጠየቅ ቢያምርዎት ይደውሉ፤ ስልኩን የማያነሳ ካለ ስሙን ይንገሩኝ።

ይኼ ብርጭቆ ለእጆችዎ ነው። እኔ ቆሻሻ ናቸው ብዬ ለጻፍኩባቸው፣ አርባ አንድ ጠዋት ተፈትሸው ንጹሕ ለሆኑት ለእነዚያ እጆች። ለእትዬ እጆች፣ ጠጡ።

ምን አሉ፣ እትዬ? አልሰማሁም። አይ፣ ልጅቷን አያውርዷት። እቅፍ አድርገዋት ይቀመጡ፣ አይነሱ። እኔ ነኝ ወደ እርስዎ የምመጣው።